ግመል የሌለበት በረሃ

ካናዳ ውስጥ በረሃ አለ ቢሏችሁ አታምኑም። እኔም አላመንኩም ነበር። ካልጋሪ መኪናን ከበረዶ በአካፋ ቆፍረው የሚያወጡባት ከተማ ናት፤ ከዚህ ሌላ የማስታውሰው ክረምት ብዙ የለኝም። ስለዚህ እናንተ ኮምቦልቻ ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ «ይማም አረጀ፣ መቃዠት ጀመረ» እንዳትሉኝ፣ የሄድኩበትን፣ የበላሁትን፣ ያጠፋሁትንም ጭምር እንደሆነው በተራ እጽፍላችኋለሁ።

የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። ሽርሽር አልወድም። የሄድኩት ልጄን ጀማልን ልመረምር ነው።

ጀማል ኢንጂነር ነው። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ የቀረውን ከመዝገበ ቃላትና ሰው አንብቦ ከጣለው ጋዜጣ ለብቻዬ ተማርኩ። ስለዚህ «ኢንጂነር» የሚለውን ቃል ከእሱ ይልቅ እኔ ነበርኩ የምኮራበት። ከዚያ የነዳጅ ዋጋ ወደቀ። እዚህ ከተማ ነዳጅ ሲወድቅ ሁሉም ነገር አብሮ ይወድቃል። ኦግደን የምሠራበት የብየዳ ወርክሾፕ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ና አለኝ። ጀማልን ደግሞ ከብዙ ጓደኞቹ ጋር ሌይ ኦፍ አደረጉት። ዓመት ሙሉ ሥራ ፈልጎ አጣ።

አንድ ቀን ሳሎን ተቀምጠን ሳለ ያሰበውን ነገረኝ። መሥሪያ ቤቱ ሁለት ዓመት ዱባይ ልኮት በነበረ ጊዜ፣ በየዓርቡ ከአንድ ሱዳናዊ ሾፌር ጋር በረሃ እየወጣ አሸዋ ላይ መንዳት ተምሯል። አሁን ደግሞ ከጎረቤት ክፍለ ሀገር ከሳስካችዋን ድንበር ወዲያ ሰፊ የአሸዋ ኮረብታ አግኝቷል፤ መሬቱ የአንድ ከብት አርቢ ሽማግሌ ነው፣ ፈቅዶለታል። እዚያ ሰው እየወሰደ በመኪና አሸዋ ሊያስወጣ፣ በሳንቃ ሊያንሸራትት፣ ማታ ምንጣፍ ዘርግቶ ሊያበላና በዚያው ሊመልስ ነው። ሳፋሪ ይባላል።

«ለዚህ ነው ኢንጂነሪንግ የተማርከው?» አልኩት።

«አባባ፣ እርስዎ ካልመረቁኝ አልጀምረውም። መኪናውን እሸጥና ሌላ ነገር እፈልጋለሁ» አለኝ።

ይህን ሲል እያባበለኝ አልነበረም። የቤታችን ሥርዓት ነው። ያለ አባት ምርቃት የተጀመረ ሥራ በረከት የለውም ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እናቱ ዘይነባ ከወጥ ቤት ሆና «በል እንግዲህ መርቀው» የሚል ዓይን ወረወረችብኝ። እኔ ግን ያላየሁትን ነገር አልመርቅም አልኩ። የመጀመሪያዎቹን ሰዎች ስትወስድ አብሬህ እሄዳለሁ፤ አይቼ እነግርሃለሁ አልኩት። በልቤ ግን መልሱን አስቀድሜ አዘጋጅቼ ነበር፤ እምቢ ነው።

ምክንያት ነበረኝ። በወጣትነቴ ከኮምቦልቻ አሰብ በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበርኩ። ባቲን ወርዶ ሚሌን ያለፈ ሰው በረሃን ያውቀዋል። በረሃ ውሃ ይዘው፣ ጸሎት አድርገው፣ በሌሊት ቶሎ የሚያልፉት ነገር ነው። ሰው ከፍሎ በረሃ ይገባል ሲሉኝ፣ ሰው ከፍሎ ይታመማል ያሉኝ ያህል ነው የቆጠርኩት።

ቅዳሜ

ፀሐይ ስትወጣ ጀማል ዋይትሆርን ሰፈር ያለው ቤታችን ደጅ ደረሰ። ዘይነባ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሺፍት ስላላት አልመጣችም፤ ሻይ በፔርሙዝና አንድ ፌስታል ሙሉ ቂጣ ሰጠችን። መኪናው አሮጌ ፎርዊል ነው። እንደ ልማዴ ዞሬ ጎማዎቹን በእግሬ መታ መታ አደረግኋቸው። ደህና ጠጥረዋል። ሾፌር ሳይነሳ ጎማውን መዞር አለበት፤ ይህን ጀማል ገና መንጃ ፈቃድ ሳያወጣ ጀምሬ ስነግረው ኖሬያለሁ።

ከዚያ ሜይላንድ ሃይትስ ሄደን እትዬ ለተብርሃንን ጫንን። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ጡረታ የወጡ፣ ምላሳቸው ግን ጡረታ ያልወጣ እናት ናቸው። ጃንጥላ ይዘው ወጡ። በረሃ ዝናብ የለም ብላቸው «አቶ ይማም፣ ፀሐይስ የለም?» አሉኝ። ከእሳቸው ቀጥሎ ባለ ታክሲው ተስፋዬና ሁለት አዲስ የተጋቡ ወጣቶች ተሳፈሩ። ሙሽሮቹ ከስልካቸው ቀና አይሉም ነበር፤ ብዙ ስለማያናግሩን እኔም ብዙ አልጽፍባቸውም።

ተስፋዬ ገና ቀበቶውን ሳያስር ቀልዱን ጀመረ። ኤርፖርት ግማሽ ቀን ተሰልፎ አንድ ተሳፋሪ እንደሚያጣ ነገረንና «ጋሼ፣ እኔ በረሃ ለማየት መሄድ አያስፈልገኝም ነበር፤ የታክሲዬን የኋላ ወንበር ማየት ይበቃኝ ነበር» አለ።

መንገዱ ወደ ምሥራቅ ቀጥ ያለ ነው። እኛ አገር መንገድ ተራራ አይቶ ይጠማዘዛል፤ እዚህ የሚጠማዘዝበት ምክንያት የለውም። ግራና ቀኝ ስንዴ ነው፤ በዚህ ሁሉ ስንዴ መካከል ግን አንድ ሰው ቆሞ አይታይም። ደሴ ዙሪያ ቢሆን ይህን ያህል እርሻ ስንት ወፍ ጠባቂ፣ ስንት ወሬ፣ ስንት ጠብ ይኖረው ነበር። በየማሳው መሃል ራሱን ወደ ታች ወደ ላይ የሚያደርግ የነዳጅ መሳቢያ ብረት አለ። ብዙዎቹ ቆመዋል። ጀማል በአንዱ አጠገብ ስናልፍ ዞር ብሎ አየው። እኔም አየሁት።

ብሩክስ የምትባል ከተማ ላይ አንድ የሱማሌ ሻይ ቤት ቁርስ በላን። የሥጋ ፋብሪካ ስላለ የአፍሪካ ቀንድ ሰው ሞልቶባታል። ባለቤቷ ሴትዮ የት እንደምንሄድ ጠየቁን፤ አሸዋ ለማየት ስንላቸው ሻዩን እየቀዱ ቆም አሉ። ልጅነታቸውን አሸዋ ውስጥ ጨርሰው እንደመጡ ነገሩን። ስንወጣ ሳምቡሳ በነፃ ጨመሩልን። በእውነት ያዘኑልን ይመስለኛል።

ሜዲሲን ሃትን አልፈን፣ ድንበሩን ተሻግረን፣ ኮረኮንች መንገድ ገባን። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ቀይ ጎተራ ደጅ ቆምን። የመሬቱ ባለቤት ሚስተር ዎልተር ባርኔጣቸውን አንስተው ተቀበሉን፤ ሚስታቸው ሌሎቹን ቀዝቃዛ ሎሚ ሊያጠጡ ወደ ቤት አስገቧቸው። እኔ የቀኑን ሶላት ለመስገድ ከጎተራው ጀርባ ሄድኩ። ሶላቱን ልጨርስ ፊቴን ዞር አድርጌ ሰላምታ ስሰጥ አንድ አንገተ ረጅም፣ ጸጉራም እንስሳ ከአጠገቤ ቆሞ በትዕዛዝ እንደመጣ ሰው ያየኛል። ላማ ይሉታል። የበግና የግመል ዲቃላ ይመስላል። ጀማል በግመል ፋንታ ለእንግዶቹ ማስታወሻ ፎቶ እንዲሆን ተከራይቶታል። እንግዲህ ይህ ነው የካናዳ በረሃ፤ ግመል የለውም፣ የግመል የአክስት ልጅ አለው።

እኔ ስሰግድ ጀማል ከመኪናው ጋር ምን ሲያደርግ እንደቆየ አላየሁም። ይህን ልብ በሉ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያ አሸዋው መጣ። ከሣሩ መሃል ድንገት ይነሳል፤ ነጣ ያለ፣ ጫፉ በቢላዋ የተቆረጠ የሚመስል ኮረብታ ነው። ጀማል አንድ ጊዜ ወደ መስታወቱ አይቶ «ሁላችሁም ቀበቶ? ኦኬ» አለና ወደ ላይ ወጣ። መኪናው እንደ ጀልባ ተንሳፈፈ። ጫፍ ላይ ደርሶ ሲወርድ ሆዴ ከኋላ ቀርቶ በኋላ ደረሰብኝ። ሙሽሪት ጮኸች፣ ተስፋዬ የእናቱን ስም ጠራ፣ እትዬ ለተብርሃን ጃንጥላቸውን አቅፈው «ድገመው» አሉ። ልጄ መሪውን የያዘው በሁለት ጣት ነው፤ ፊቱ ላይ ዓመት ሙሉ ያላየሁት ነገር አየሁ። እኔ ግን ፊቴን አልፈታሁም። ለመመርመር ነው የመጣሁት።

ምሳ ላይ አንድ ነገር ልቤን ነካው። ጀማል ሁለት ግሪል አራርቆ ተክሏል። አንዱ የእስላም ሥጋ ነው፣ አንዱ የክርስቲያን። መቆንጠጫቸው ለየብቻ፣ ትሪያቸውም ለየብቻ። እዚህ ያደገ ልጅ ነው፤ የወሎን ሠርግ በዓይኑ አላየም። ግን ማንም ሳይጠይቀው ሁሉም ሰው ሳይሳቀቅ እንዲበላ አሰበ። ይህ የእናቱ ትምህርት መሆን አለበት አልኩ፤ ለራሴ ብዙ ምስጋና መውሰድ አልወድም።

ማዕዱ ሲቀርብ «ጋሼ ይመርቁልን» አሉ። ታላቅ ወንድ እኔ ነበርኩ፤ ማዕድ እምቢ አይባልም። ተነስቼ መረቅሁ። ፈጣሪ ማዕዱን ይባርክ፣ የሄደውን በሰላም ይመልስ፣ የታመመውን ይማር፣ አገራችንን ሰላም ያድርግ፣ ለሚስተር ዎልተር ዕድሜ ይስጥ አልኩ። ከዚያ «ሥራ ላጣ ሥራ ይስጥ» ብዬ ዘጋሁ። ሁሉም አሜን አሉ። ጀማልም አሜን አለ፤ ድምፁ ግን ከሁሉ ዝቅ ያለ ነበር።

እትዬ ለተብርሃን ቁርጥራጭ ሥጋ በእጃቸው እንደያዙ ቀና አሉ። «አቶ ይማም፣ ላማውን እንኳ ሊመርቁት ምንም አልቀረዎትም። ሥራ ያጣው ማን ነው? ልጅዎ ይኸው ሲሠራ አይደል እንዴ?»

«ማዕድ ነው የመረቅሁት፣ እትዬ።»

«ገባኝ» አሉ። «ለዚህ ነው ጨው የጎደለው።»

ከምሳ በኋላ ጀማል ሁሉንም በሳንቃ ሊያንሸራትታቸው ይዟቸው ወጣ። እኔ ጉልበቴ ነው ብዬ ቀረሁ። ከታች ሆኜ ሳይ እትዬ ለተብርሃን ሳንቃው ላይ ቁጭ ብለው፣ ጃንጥላውን ዘርግተው፣ ቀሚሳቸውን አጥብቀው እንደ ንግሥት ወረዱ። ተስፋዬ ቆሞ እወርዳለሁ ብሎ በአፍንጫው ወረደ። ተነስቶ አሸዋውን ሲያራግፍ ላማው አጠገቡ መጥቶ ተፋበት። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ማንም አላየኝም።

ከዚያ ዓይኔ መኪናው ላይ አረፈ። አራቱም ጎማዎች ከሥራቸው ተጠፍጥፈዋል። ተጠጋሁና በአውራ ጣቴ ጫን ብል እንደ ዳቦ ሊጥ ገባልኝ። ጠዋት ጠጥረው የነበሩ ጎማዎች! ደሜ ፈላ። በአሰብ መንገድ በላላ ጎማ መሄድ ማለት ሞት ማለት ነው፤ ጭነትና ሙቀት ሲገናኙ ጎማ ይፈነዳል። ስድስት ነፍስ ይዞ፣ ኢንጂነር ሆኖ፣ ጎማውን ሳያይ! ወንበር ሥር ትንሽ ኮምፕረሰር አገኘሁ። አራቱንም አንድ በአንድ፣ እንደ ድንጋይ እስኪጠጥሩ ነፋሁ። ጀርባዬ ታመመ፣ ሸሚዜ ራሰ። ማታ የምነግረውን ተግሣጽም እየነፋሁ አዘጋጀሁ። ጥሩ ተግሣጽ ነበር፤ ሦስት ክፍል ነበረው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም እየሳቁ ተመለሱ። ጀማል ጀንበሯን ከትልቁ ኮረብታ ጫፍ ሊያሳያቸው ቸኩሏል። ተሳፈርን፣ ተነሳን። ገና ወገቡ ላይ ሳንደርስ መኪናው አቃሰተ፣ ጎማው ባዶውን ዞረ፣ አሸዋው ወደ ላይ ተረጨ፣ ወደ ታችም ሰመጥን። ጀማል ወዲያው ሞተሩን አጠፋ።

ወርዶ ተንበረከከ። የፊተኛውን ጎማ ነካ፤ የኋለኛውን ነካ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ሸሚዜ አሁንም እርጥብ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ ጎማዎቹ የላሉት በእሱ ፈቃድ ነበር። አሸዋ ላይ ጎማ ሲላላ ይሰፋና ይንሳፈፋል፤ ሲጠጥር እንደ ቢላዋ ቆርጦ ይሰምጣል። በጎተራው ደጅ ሲያደርግ የነበረው ይህንኑ ነው።

አፌን እስክከፍት አልጠበቀም። ወደ እንግዶቹ ዞሮ «ሶሪ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ጎማውን ሳላይ ነው የተነሳሁት።»

«ኢንጂነር ሆነህ?» አለ ተስፋዬ እየሳቀ። «እኔ እንኳ ታክሲዬን ሳስነሳ አያለሁ።»

«ልክ ነህ» አለ ጀማል። «ሾፌር ሳይነሳ ጎማውን መዞር አለበት።»

የእኔን ቃል ነው የተናገረው፤ እኔን ለመሸፈን። እኔም፣ እውነቱን እጽፋለሁ ብያለሁና፣ ያን ጊዜ ዝም አልኩ። ጆሮዬ ቀልቶ፣ አካፋ ይዤ አሸዋ መቆፈር ጀመርኩ። ከበረዶ መኪና ሳወጣ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አሸዋ ግን ሲዛቅ ተመልሶ ይመጣል። ጀማል አየሩን ቢያስወጣም መኪናው በሆዱ ተኝቷል። በመጨረሻ ለሚስተር ዎልተር ኮል አደረገላቸውና በትራክተር መጡ። አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገሩም፤ ይልቅ ትራክተሩ ላይ ለማታው እሳት የሚሆን የተፈለጠ እንጨት ጭነው፣ ከእንጨቱም በላይ ሚስታቸው የጋገሩትን የፖም ኬክ አስቀምጠው ነበር። መኪናውን ጎትተው ካወጡት በኋላ መንገዱ ሲመሽ አጋዘን ይበዛበታል፣ ማታ ስትጨርሱ እዚሁ እደሩ አሉን። የቀን ጉዞው የሁለት ቀን ሆነ።

ጀማል ምንጣፉን እዚያው ኮረብታው ሥር ዘረጋ፣ ፋኖሶች ሰቀለ፣ ሁለቱን ግሪሎች እንደገና አራርቆ አቀጣጠለ። ዱባይ ቢሆን ዳንሰኛ ይመጣል አሉ፤ እኛ ጋ ተስፋዬ ባዶ ጀሪካን ሲመታ ሙሽሮቹ ስልካቸውን ጥለው እስክስታ ወረዱ። ሚስተር ዎልተር ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ትከሻቸውን ሞከሩት፤ ከሃምሳ ዓመት የከብት ሥራ በኋላ አልታዘዝ አላቸው። ሁለቱም ልጆቻቸው ነዳጅ ላይ ይሠሩ እንደነበርና አሁን ቤት እንደተቀመጡ አጫወቱኝ። መሬታቸውን ለጀማል ለምን እንደፈቀዱለት ጠየቅኋቸው። ሳይፈቀድለት ከአጥሩ ወዲህ አንድ ጊዜም እግሩን አላነሳም አሉኝ፤ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስቴም በሩ ላይ ቆሞ ጠብቋቸዋል።

እራት ቀረበ። «ጋሼ» አሉ እንደገና። እትዬ ለተብርሃን ምንም ሳይናገሩ ጨው ማስቀመጫውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

ተነሳሁ። ሁሉም መዳፋቸውን ዘረጉ። ጀማል ሥጋ እየገለበጠ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሞ ነበር።

«ምርቃት ከሐሰት ጋር አይወጣም» አልኩ። «ጎማዎቹን የነፋሁት እኔ ነኝ። አዋቂ መስሎኝ ሳልጠይቅ ነፋሁ። ልጁ ስለ እኔ ሲል ነው ጥፋቱን የወሰደው።»

ተስፋዬ ሊስቅ አፉን ከፈተና እትዬ ለተብርሃን ጉልበቱን መቱት።

«ጀማል» አልኩት፤ ዞረ። «ኢንጂነር እንድትሆን የፈለግሁት ሰው እምነት እንዲጥልብህ ነበር። ዛሬ ሰዎች ነፍሳቸውን በእጅህ ሰጡህ፤ አንተም የሰውን ክብር ጠበቅህ። ሥራህ ሥራ ነው። የጀመርከው ይቅናህ። እጅህ የነካው ይባረክ። እንግዳ ከደጅህ አይታጣ፣ የወሰድከውን ሁሉ በሰላም መልስ። አሸዋ ብትጨብጥ ወርቅ ይሁንልህ።»

«አሜን» አሉ። ሚስተር ዎልተርም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አሜን አሉ፤ ይህ ቃል የትም አንድ ነው። ጀማል እንደ ሥርዓቱ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ ግን መቆንጠጫዎቹን ማስቀመጥ ረስቶ፣ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እንደያዘ ነበር። ከኋላው ሥጋው አረረ። ያረረውን በላነው፤ ጨው አልጎደለውም።

እሁድ

እነ ሚስተር ዎልተር ለእኔ የልጃቸውን አልጋ ለቀቁልኝ። ግድግዳው ላይ የበሬ ግልቢያ ሽልማት ተሰቅሏል፤ በደንብ ተኛሁ። ጠዋት የፈረንጅ ጨጨብሳ ልበለው፣ ወፍራም ቂጣ ላይ ከዛፍ የሚቀዳ ማር አፍስሰው አበሉን። እትዬ ለተብርሃን የዘይነባን ቂጣ አውጥተው ለሚስተር ዎልተር ሚስት ሰጧቸው፤ እሳቸውም በዚያው ማር በሉት። ዘይነባ ይህን ስትሰማ አልወደደችውም፤ እኔ ግን ቀምሼዋለሁ፣ አይከፋም።

ስንሰናበት ሚስተር ዎልተር እጄን ጨብጠው እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደገ ይመስገን እንደሚባለው ዓይነት ነገር ተናገሩ። እኔም እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

አሸዋውንና ሣሩን ጨርሰን ኮረኮንቹ ከአስፋልቱ የሚገናኝበት ስንደርስ ጀማል ዳር ያዘና ፓርክ አደረገ። አስፋልት ላይ ጎማው መጠጠር አለበት። ኮምፕረሰሩን ከወንበሩ ሥር አወጣ። ሊነፋ ጎንበስ ካለ በኋላ ቀና አለና ቱቦውን ወደ እኔ ዘረጋ።

«አባባ፣ አሁን ይንፉት።»

ተቀበልኩት። ከውስጥ ተስፋዬ መስኮቱን ከፍቶ «ጋሼ፣ ዛሬስ ተፈቅዶልዎት ነው?» አለኝ።

«ሾፌሩን ጠይቀው» አልኩና ተንበረከክሁ። ከዚያ ቀና ብዬ ልጄን «ስንት ላድርገው?» አልኩት።

«ሠላሳ አምስት።»

ሠላሳ አምስት አደረግሁት። አራቱንም። ከእኔ ጋር ጎማ ወደ ጎማ እየዞረ ከአጠገቤ ቆመ፤ ሲሞላም በእግሩ መታ መታ አደረጋቸው፣ እኔ እንዳስተማርኩት።